ምዕራፍ 6፦ ብርዱ ሲጠና፣ መብራቱም ሲጠፋ

ሂት ፓምፕ ለማስገባት ዋጋ ያስጠየቀ ሰው ከኮንትራክተሩ የሚቀበለው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ አንድ ዕቃ ነው። ውጭ የሚቀመጠው ማሽን ስንት ቶን እንደሆነ፣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚቆጥብ፣ ዋስትናው ስንት ዓመት እንደሚዘልቅ በዝርዝር ይጻፋል። ከዚያ በታች፣ ዋጋው ሊደመር ሲል፣ «10 ኪሎዋት ሂት ስትሪፕ» የምትል አንዲት መስመር ትኖራለች። ብዙ ሰው ሳያነባት ይፈርማል። ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ስለዚያች መስመር ነው። በዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛ በሆኑት ሌሊቶች አዛውንቱም ሕፃኑም የሚያድሩት በእሷ ነውና።

ከመጠባበቂያ ማሞቂያ ሁለት ሥራ ይጠበቃል። አንደኛው ብርዱ ከሂት ፓምፑ አቅም በላይ ሲሆን የጎደለውን መሙላት ነው። ሁለተኛው መብራት ጠፍቶ ሂት ፓምፑ ጨርሶ ሲቆም ቤቱን ማሞቅ ነው። ሁለቱ ሥራዎች የሚፈልጉት ዕቃ ብዙ ጊዜ የተለያየ ነው። ለየብቻቸው ያላሰበባቸው ሰው ግን አንዱን ገዝቶ ሁለቱንም የገዛ ይመስለዋል፤ ስህተቱ የሚታየውም በጥር ሌሊት ነው፣ ሊያርመው በማይችልበት ሰዓት።

ከመጀመሪያው ሥራ እንነሳ። ሂት ፓምፕ ሙቀት አያመርትም፤ ውጭ ካለው አየር ቀድቶ ወደ ቤት ያስገባል። ለእኛ የሚያንዘፈዝፍ አየር ውስጥም ሙቀት አለ። በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ከውጭው አየር ይበልጥ እንዲቀዘቅዝ ስለሚደረግ ሙቀቱ ወደ እሱ ይፈሳል፤ ኮምፕሬሰሩ ጋዙን ሲጨምቀው ይግላል፤ የጋለውም ቤት ውስጥ ሙቀቱን ያራግፋል። ነገሩ ከጉድጓድ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። በጋው ሲረዝም ውሃው ይርቃል፣ ገመዱ ይረዝማል፣ ቀጂው ይደክማል፣ በሰዓት የሚወጣው ባልዲም ያንሳል። ውጭው በቀዘቀዘ መጠን ሂት ፓምፑም በሁለት በኩል ይጎዳል፦ የሚያስገባው ሙቀት ይቀንሳል፣ ለእያንዳንዱ ሙቀት የሚበላው ኤሌክትሪክ ደግሞ ይጨምራል። በ47 ዲግሪ ፋራናይት (8 ሴንቲግሬድ) አንድ ጥሩ ማሽን በበላው አንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሦስት እጅ ተኩል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። በ5 ዲግሪ ፋራናይት (ከዜሮ በታች 15 ሴንቲግሬድ) ወደ ሁለት እጅ ይወርዳል።

ችግሩ ማሽኑ በሚደክምበት ሰዓት የቤቱ ፍላጎት መጨመሩ ነው። በሚኒያፖሊስ ያለ አንድ ቤት እናስብ። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ፋራናይት ሲሆን ይህ ቤት በሰዓት 40,000 ቢቲዩ ሙቀት ያጣል እንበል። ውጭው ወደ 20 ፋራናይት ከፍ ሲል የሚያጣው 24,000 ገደማ ነው። በዚህ ቤት የተተከለ ተራ ባለ 3 ቶን ሂት ፓምፕ በቀላል ብርድ 36,000 ቢቲዩ ቢሰጥም በ20 ፋራናይት የሚሰጠው ወደ 25,000 ሊወርድ ይችላል፤ ልክ ቤቱ የሚፈልገውን ያህል። ፍላጎትና አቅርቦት የሚገናኙበት ይህ ነጥብ ሚዛን ነጥብ ይባላል። ከዚያ በታች እያንዳንዱ ዲግሪ ጉድለት ነው። ከዜሮ በታች 10 ላይ ያው ማሽን የሚሰጠው 14,000 ብቻ ቢሆን ጉድለቱ 26,000 ቢቲዩ ይሆናል፤ በኤሌክትሪክ ሲሰላ 7.6 ኪሎዋት። ያች «10 ኪሎዋት» የምትል መስመር የመጣችው ከዚህ ሂሳብ ነው፤ ወይም መምጣት ነበረባት። ብዙ ጊዜ የምትመጣው ከልማድ ነው። ሠራተኛው በመኪናው የያዘውን ይጽፋል።

ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት የቤቱ የሙቀት ብክነት ስሌት በወረቀት እንዲሰጥዎ መጠየቅ ያለብዎት። በአሜሪካ ይህ ስሌት ማንዋል ጄ ይባላል፤ የመስኮቱን ብዛት፣ የግድግዳውን ውፍረት፣ የጣሪያውን ኢንሱሌሽን ክፍል በክፍል ይቆጥራል። በወለሉ ስፋት ብቻ «ይህን ያህል ቶን ይበቃዋል» የሚል ባለሙያ ገና ሥራውን አልጀመረም። ሁለተኛው ጥያቄ የማሽኑ አቅም በ47፣ በ17 እና በ5 ፋራናይት ስንት እንደሆነ ነው። ኒፕ የተባለው የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ የኢነርጂ ቁጠባ ድርጅት ለቀዝቃዛ አገር የሚሆኑ ሂት ፓምፖችን ዝርዝር ከነዚህ ቁጥሮች ጋር ለሕዝብ ያወጣል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤትም በ2021 ለአምራቾች ውድድር ሲከፍት በ5 ፋራናይት ሙሉ አቅሙን የሚሰጥ ማሽን እንዲሠሩ ጠይቆ ነበር። እንዲህ ያሉት ዛሬ ገበያ ላይ አሉ። በምሳሌያችን ቤት የተሻለው ማሽን ከዜሮ በታች 10 ላይ 27,000 ቢቲዩ ቢሰጥ ጉድለቱ 13,000 ብቻ ይሆናል፤ 4 ኪሎዋት የማይሞላ። ያኔ 5 ኪሎዋት ስትሪፕ ይበቃል። መጠባበቂያውን ለማሳነስ አንደኛው መንገድ ዋናውን ማሻሻል ነው፤ ከዚያም የሚረክሰው መንገድ የጣሪያውን ኢንሱሌሽን መጨመርና የበሩን ክፍተት መድፈን ነው።

ስትሪፕ የምንለው በአየር ማስተላለፊያው (ዳክት) ውስጥ የሚቀመጥ፣ እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የሚግል ሽቦ ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፣ ጭስ ማውጫ አይፈልግም፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም ማለት ይቻላል። ከሂት ፓምፑ ጋር አብሮ ስለሚሠራ የጎደለውን ብቻ ይሞላል። ሂት ፓምፑ ውጭ የያዘውን አመዳይ ለማቅለጥ ለጥቂት ደቂቃ ወደ ማቀዝቀዝ ሲገለበጥም ቀዝቃዛ አየር ከመንፈስ ያድናል። ጉዳቱ በበላው ኤሌክትሪክ ልክ ብቻ ሙቀት መስጠቱ ነው፤ አንድ ለአንድ። 10 ኪሎዋት ስትሪፕ ኪሎዋት ሰዓቱ 16 ሳንቲም በሆነበት ቦታ በሰዓት 1.60 ዶላር ይበላል። በዓመት ለጥቂት ቀናት ከሆነ አይከብድም፤ ሳያውቁት ለወራት ከሆነ ግን ቢሉ ያስደነግጣል።

ሌላው መታየት ያለበት የብሬከር ሳጥኑ ነው። 15 ኪሎዋት ስትሪፕ በ240 ቮልት ከ60 አምፔር በላይ ይስባል። ጠቅላላ 100 አምፔር ብቻ በሚገባበት አሮጌ ቤት ላይ ይህን መጨመር፣ የልብስ ማድረቂያውንና ምድጃውን ሳንቆጥር፣ መስመሩን በሙሉ ማሳደግ ሊጠይቅ ይችላል። ያ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ በመጀመሪያው ወረቀት ላይም አይጻፍም። 5 ኪሎዋቱ የሚፈልገው 21 አምፔር ብቻ ነው። አነስ ያለ ስትሪፕ የሚያዋጣው ለዚህም ጭምር ነው።

ጋዝ ያለው ቤት ሌላ ምርጫ አለው፦ ነባሩን የጋዝ ማሞቂያ (ፈርነስ) ሳያወልቁ ሂት ፓምፑን ከላዩ መትከል። በእንዲህ ያለው ቤት ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይሠሩም። የሂት ፓምፑ መጠምጠሚያ ከፈርነሱ በኋላ ባለው የአየር መንገድ ላይ ስለሚቀመጥ፣ ከፈርነሱ የወጣ ትኩስ አየር በላዩ ሲያልፍ ኮምፕሬሰሩ ይጨናነቃል። ስለዚህ አንድ የመቀያየሪያ ዲግሪ ይወሰናል፤ ከሱ በላይ ሂት ፓምፑ፣ ከሱ በታች ፈርነሱ።

ይህ ዲግሪ ስንት ይሁን? ሂሳቡን ራስዎ ይሥሩት፤ የሚያስፈልጉት ሁለት ቢሎች ብቻ ናቸው። አንድ ቴርም ጋዝ 29.3 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይይዛል። 95 በመቶ በሚያቃጥል ፈርነስ ወደ ቤት የሚገባው 27.8 ነው። ቴርሙ 1.20 ዶላር ቢሆን አንዱ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት 4.3 ሳንቲም ይወጣለታል። ኤሌክትሪኩ 16 ሳንቲም ከሆነ ሂት ፓምፑ ከጋዙ እኩል ለመርከስ በአንድ እጅ 3.7 እጅ ሙቀት መስጠት አለበት፤ ይህም በቀላል ብርድ ብቻ የሚገኝ ነው። እነዚህ ዋጋዎች ባሉበት ቦታ ሂት ፓምፕ የማሞቂያ ወጪን በብዙ ይቀንሳል ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው እውነቱን አልነገረዎትም። ኤሌክትሪኩ 12 ሳንቲም፣ ቴርሙ 1.80 ዶላር ቢሆን ግን ከ1.9 ያነሰ ይበቃል፤ ያኔ ጥሩ ማሽን ከ5 ፋራናይት በታችም ጋዙን ያሸንፋል። ጋዝ በማይደርስበት ገጠር ፕሮፔን በጋሎን 2.50 ዶላር ቢገዛ፣ በ16 ሳንቲሙ ኤሌክትሪክ እንኳ ሂት ፓምፑ 1.6 እጅ ብቻ ከሰጠ ይረክሳል። በፕሮፔን ወይም በናፍጣ የሚሞቅ ቤት ከሂት ፓምፕ ከሁሉም በላይ የሚጠቀመው ለዚህ ነው። በዚያ ቤት አሮጌው ማሞቂያ ለክፉ ቀን ብቻ ይቀመጣል።

ጋዙን ለመጠባበቂያ ብቻ ያቆየ ሰው ወርሃዊውን የመስመር ክፍያ በሐምሌም እንደሚከፍል ይወቅ። ምድጃውና የውሃ ማሞቂያው ወደ ኤሌክትሪክ ከተዛወሩ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሲባል የዓመት ክፍያ መክፈል ብዙ ጊዜ አያዋጣም። የደህና ፈርነስ ባለቤት ግን ለመጣል አይቸኩል። በሚኒሶታ ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት ብርቅ አይደለም፤ ጥር 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት (33 ሴንቲግሬድ) ደርሳ ነበር። በዚያ ሰሞን የጋዙም መስመር ተጨናንቆ ጋዝ አቅራቢው ኤክሴል ኢነርጂ ደንበኞቹን ቴርሞስታታቸውን ዝቅ እንዲያደርጉ ለምኗል። ጋዝ የማይነጥፍ የሚመስለው ሰው ያንን ያስታውስ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሥራ እንሂድ፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። በየካቲት 2021 ቴክሳስ ውስጥ ብርድ ሲገባ ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና ድርጅቶች መብራት ጠፋባቸው። የግዛቱ መንግሥት በይፋ የቆጠረው የሟች ቁጥር 246 ነው። ከግማሽ በላይ የቴክሳስ ቤት የሚሞቀው በኤሌክትሪክ በመሆኑ መብራቱ ሲሄድ ሙቀቱም አብሮ ሄደ። በዚያው ሰሞን ሂውስተን ውስጥ ከኢትዮጵያ የሄደ አንድ ቤተሰብ፣ ጋራዥ ውስጥ በተነሳ መኪና ጭስ ተመርዞ እናትና ልጅ ሞተውበታል። ነገሩ ከእኛ ማኅበረሰብ ርቆ የሚሰማ ወሬ አይደለም። አገር ቤት ሳለን የኅዳር ብርድ ሲመጣ ከሰል ቤት አስገብቶ፣ በሩን ዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነሳ የቀረበትን ታሪክ ያልሰማ የለም። በሰሜን አሜሪካ ያለ ቤት ደግሞ ብርድ እንዳይገባ በየክፍተቱ የተደፈነ ነው። የቡና ከሰል ምድጃ፣ የጓሮ ግሪል፣ ጋራዥ ውስጥ የሚጮህ ጄኔሬተር በእንዲህ ያለ ቤት መጠባበቂያ ሊሆኑ አይችሉም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ እንቅልፍ ያስመስላል። በየፎቁና በመኝታ ክፍሎቹ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ይኑር፤ በባትሪ የሚሠራ ወይም መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ የሚዞር። እናትዎ ወይም አባትዎ ከአገር ቤት መጥተው አብረው የሚኖሩ ከሆነ ማንቂያው ሲጮህ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ቁጭ ብለው ያስረዷቸው፦ ሁሉም ወደ ውጭ፣ ከዚያ 911።

ስትሪፕ ለዚህ ሁለተኛ ሥራ ምንም አይጠቅምም፤ መብራት ከሌለ እሱም የለም። ብዙ ሰው የማይገምተው የጋዝ ፈርነስም እንደዚያው መሆኑን ነው። ጋዙ በቧንቧው ቢኖርም የሚያቀጣጥለው፣ የሚቆጣጠረውና አየሩን የሚነፋው ክፍል በኤሌክትሪክ ይሠራል። ልዩነቱ የሚፈልገው ጥቂት መሆኑ ነው፤ ነፋሹ ከ500 ዋት ብዙ አይርቅም። 13.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የቤት ባትሪ ያለው ሰው 10 ኪሎዋት ስትሪፕ ቢያስነሳበት ከአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያልቅበታል። 3 ኪሎዋት የሚበላ ሂት ፓምፕ ቢያሠራበት አራት ሰዓት ተኩል ይቆያል። የፈርነሱን ነፋሽ ብቻ ቢያዞርበት ግን ያለማቋረጥ ቢነፋ እንኳ ከአንድ ቀን በላይ ይሄዳል። ለሚኒሶታ፣ ለኮሎራዶ፣ ለካልጋሪ ነዋሪ ነባሩን ፈርነስ ከትንሽ ባትሪ ወይም ውጭ ከሚቀመጥ ጄኔሬተር ጋር አጣምሮ ማቆየት ሁለቱንም ሥራ የሚሸፍን ምርጫ ነው እላለሁ። ጄኔሬተሩ ግን በኤሌክትሪክ ባለሙያ በተሠራ መቀያየሪያ ይገናኝ፤ በሶኬት በኩል ኤሌክትሪክ ወደ ቤት መመለስ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል።

ጨርሶ ኤሌክትሪክ የማይነኩ ማሞቂያዎችም አሉ። አንደኛው የእንጨት ምድጃ ነው። በጥር 1998 በኩቤክ የበረዶ ዝናብ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎችን ሲያጋድም ወደ 1.4 ሚሊዮን ደንበኞች መብራት አጥተው ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ከአንድ ወር በላይ ጠብቀዋል። ያን ያህል የሚያስጠብቅ ባትሪ የለም፤ እንጨት የከመረ ግን ይሞቃል። ምድጃው ከ2020 ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ የተፈቀደ፣ ጭስ ማውጫው በባለሙያ የተሠራ፣ እንጨቱ የደረቀ ይሁን፤ ለቤት ኢንሹራንሱም ይነገረው። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ የሚተከል፣ አየሩን ከውጭ ስቦ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ የፕሮፔን ወይም የጋዝ ማሞቂያ ነው። ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ዓይነቱን ለይተው ይጠይቁ፤ ሁሉም አይደሉም። አንድ ክፍል ብቻ ያሞቃል። ቤተሰቡ በሙሉ በዚያ ክፍል ማደር ከቻለ ግን ይበቃል።

ምርጫው ከግቢው ውጭም ይደርሳል። በታኅሣሥ 2022 የገና ዋዜማ ሰሞን ቲቪኤ የተባለው የቴነሲ ትልቅ የኤሌክትሪክ ድርጅት ወደ 90 ዓመት በሚጠጋ ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በተራ መብራት ለማጥፋት ተገድዷል። ብርድ ሲጠና የሁሉም ቤት ስትሪፕ በአንድ ሰዓት ይነሳል፤ ማመንጫው የሚጨነቀውም ያኔ ነው። የኩቤክ የኤሌክትሪክ ድርጅት የሆነው ሃይድሮ ኩቤክ ለዚህ ያገኘው መላ ደስ ይለኛል። ሁለት ማሞቂያ ላላቸው ደንበኞች ኤሌክትሪኩን በአብዛኛው ጊዜ አርክሶ ይሸጣል፤ ብርዱ እንደየአካባቢው ከዜሮ በታች 12 ወይም 15 ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ግን ዋጋው ይወደድና ቤቱ በራሱ ወደ ነዳጅ ይዞራል። የእርስዎ ኤሌክትሪክ አቅራቢ እንዲህ ያለ ታሪፍ ካለው ሂሳቡ በሙሉ ይለወጣል፤ ከመወሰንዎ በፊት ይጠይቁ።

ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪ ምክሬ ሌላ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ማሞቂያ የሚሰላው ወደ 20 ፋራናይት ገደማ ለሆነ ብርድ ነው፤ ከዚያ የሚወርድባቸው ሰዓታት በዓመት ጥቂት ናቸው። ለአንድ ታውንሃውስ ፍጥነቱን እንደ ብርዱ የሚቀያይር ደህና ሂት ፓምፕና 5 ኪሎዋት ስትሪፕ፣ ትልቅ ቤት ከሆነ በሁለት ደረጃ የሚነሳ 10 ኪሎዋት፣ ይበቃል። አዲስ የጋዝ ፈርነስ ለመጠባበቂያ ብቻ ብሎ መግዛት እዚያ አይታየኝም። ለመብራት መጥፋት ቀድሞ የታሰበበት የዘመድ ቤት፣ ብርድ ልብስና ማንቂያ ይኑር፤ ቤት ውስጥ ኦክስጅን ላይ ያለ ሕመምተኛ ወይም አራስ ካለ ግን ባትሪው ቅንጦት አይደለም።

የመረጡት ሁሉ በቴርሞስታቱ ሊበላሽ ይችላል። ስትሪፑ ከ35 ፋራናይት በላይ እንዳይነሳ ሠራተኛው እንዲቆልፈው ይጠይቁ፤ ካልተቆለፈ ሂት ፓምፑ ብቻውን በሚችልበት ቀንም ይነሳል። ማታ ዲግሪውን በብዙ ዝቅ አድርጎ ጠዋት ከፍ ማድረግ በፈርነስ ዘመን የተለመደ ቁጠባ ነበር። በሂት ፓምፕ ቤት ግን ጠዋት ቴርሞስታቱ የሚያየው የዲግሪ ልዩነት ስለሚሰፋ ስትሪፑን ያስነሳና ማታ የተቆጠበውን ይበላል፤ ከሁለት ዲግሪ በላይ አይለውጡት። «ኦግዚለሪ» የሚል ምልክት በራሱ በርቶ ቢያዩ አይደንግጡ፤ በከባድ ብርድ ያለ ነው። «ኢመርጀንሲ ሂት» የሚለው ግን በእጅ የሚነካ ነው፤ ሲጫኑት ሂት ፓምፑን አቁሞ ቤቱን በመጠባበቂያው ብቻ ያስኬዳል። በርዶኛል ብሎ የተጫነው ሰው ካልመለሰው ክረምቱን በሙሉ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይከፍላል። ከፍተሻ ቀን በቀር የሚነካው ሂት ፓምፑ ሲበላሽ ብቻ ነው።

ሁሉንም በጥቅምት ይፈትሹት። ኢመርጀንሲ ሂቱን ለአሥር ደቂቃ ያብሩና ትኩስ አየር መምጣቱን በእጅዎ ይዩ፤ በበጋ የተከማቸ አቧራ ሲቃጠል ትንሽ ይሸታል፣ ወዲያው ይጠፋል። ካልሞቀ ሠራተኛ በሳምንቱ የሚገኘው ያኔ ነው፤ በጥር ሰልፉ ረጅም ነው። ከጨረሱ በኋላ ቴርሞስታቱን ወደ «ሂት» ይመልሱት፣ የማንቂያዎቹንም ባትሪ በዚያው ቀን ይቀይሩ።